ይገትራል፣ ብቻውንም አይመጣም፦ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድሮም ያለበት ሰው ከስኳር እስከ እንቅርት ምን ምን ይመርመር?

ወገቡ ደርቆ ጎንበስ ማለት ላቃተው ሰው መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን መጀመሪያ የሚነገረው «ብርድ ነው» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜም ተራ የወገብ ሕመም ሆኖ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ድርቀቱ ከወር ወር እየባሰ ከወገብ ወደ ሆድና ወደ እግር ከወረደ፣ በር ድንገት ሲጋጭ ወይም ውሻ ሲጮህ መላ ሰውነትን ከገተረ፣ እንቅልፍ ሲወስድ ደግሞ ከላላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ከሚታሰቡት አንዱ ስቲፍ ፐርሰን ሲንድሮም ነው። ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚያገኝ ብርቅ የነርቭ ሕመም ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ያህል ይይዛል፤ በብዛት የሚጀምረውም ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

የሕመሙ ትልቁ ጣጣ ጓደኛ ማብዛቱ ነው። የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም፣ የቢ12 ቫይታሚን እጥረት፣ ለምጽ አብረውት ይመጣሉ። አንዳንዴ ቀድመውት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ። ዋናውን ሕመም የሚያረጋግጠው ምርመራ አዲስ አበባ ያስኬዳል፣ ናሙናውም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ጓደኞቹን የሚያሳዩት ምርመራዎች ግን አብዛኞቹ ቀላልና ርካሽ ናቸው። ቶሎ የሚገድሉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቀጠሮ እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም፤ ሥራው የሚጀምረው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው።

አንድ ላይ የሚያመጣቸው ምንድን ነው?

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ጡንቻን «ተኮማተር» ብለው እንደሚያዙ ሁሉ «በቃህ፣ ላላ» የሚል ትእዛዝም አላቸው። ይህን ልጓም የሚይዘው ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጋባን የሚሠራው ኤንዛይም ጋድ ይባላል። በስቲፍ ፐርሰን የሰውነት መከላከያ ይህን ኤንዛይም እንደ ባዕድ አይቶ አንቲቦዲ ያመርትበታል፤ ልጓሙ ሲላላ ጡንቻው ሳይታዘዝ ይገተራል። ጋድ ደግሞ ኢንሱሊን በሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳትም ውስጥ አለ።

ሕመሙን መጀመሪያ የገለጹት በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ሞርሽና ዎልትማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1956፣ 14 ሕሙማንን ይዘው። አንቲቦዲው በጋድ ላይ እንደሚነሣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ያ የተመረመረው ታማሚ ስቲፍ ፐርሰንን፣ የሚጥል በሽታንና ዓይነት 1 ስኳርን ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዓይነት 1 ስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ሲፈለግ የነበረው ዒላማም ይኸው ጋድ ሆኖ ተገኘ። የነርቭ ሐኪምና የስኳር ሐኪም አንድ ካርድ ላይ መጻፍ የሚገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከስቲፍ ፐርሰን ታማሚዎች ሲሶ ገደማው ዓይነት 1 ስኳር አለባቸው። ከስኳር ቀጥሎ ታይሮይድ፣ ከዚያ የቢ12 እጥረትና ለምጽ ይመጣሉ። የሚጥል በሽታም ከ10 አንዱን ገደማ ያገኛል። ታይሮይድን፣ ጨጓራንና ቆዳን የሚያጠቁት አንቲቦዲዎች ከጋድ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ የሚያዛምዳቸው መከላከያው የራስን አካል የማጥቃት ዝንባሌው ነው፤ ዝንባሌው ደግሞ በከፊል በዘር ይወርዳል።

መጀመሪያ የሚምታቱትን ይለዩ

መረሬ መሬት ላይ ጓያ በሚዘራበት አገር እግሩ የደረቀ ሰው ሲታይ ጓያ መታሰቡ ትክክል ነው። የጓያ ሽባነት የሚይዘው ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ የበላን ሰው ነው፤ በብዛትም ወጣት ወንዶችን። ሁለቱ እግሮች ይደርቃሉ፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፣ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። ሆድና ወገብ ግን አይገተሩም፤ ድምፅም አያስነሣበትም። ጓያውን ሲያቆም መባሱ ይቆማል፤ የደረሰው ጉዳት ግን አይመለስም። ስቲፍ ፐርሰን ከወገብና ከሆድ ይጀምራል፣ አንድ ቀን ብሶ አንድ ቀን ይሻላል፣ ድንጋጤ፣ ብርድና ድንገተኛ ንክኪ ያስነሡታል። ሐኪሙ የእግር መዳፍን ከተረከዝ ወደ ላይ ሲጭር አውራ ጣት ወደ ላይ ከቀና ጉዳቱ የኅብለ ሰረሰር ነውና ወደ ጓያ፣ ወደ አከርካሪ ቲቢ ወይም ወደ ቢ12 እጥረት ያዘነብላል፤ በተለመደው ስቲፍ ፐርሰን ጣቱ ወደ ታች ይታጠፋል።

መንጋጋ ቆልፍ በቀናት ውስጥ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ቁስልን ተከትሎ መንጋጋን የሚዘጋ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል። ስቲፍ ፐርሰን መንጋጋን እምብዛም አይዘጋም፣ አመጣጡም የወራት ነው። የአከርካሪ ቲቢ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና አንድ የተወሰነ አጥንት ላይ ሲጫኑ የሚያም ሥፍራ ይኖረዋል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ታማሚዋን መደብ ላይ በጀርባዋ አስተኝተው «ሆድሽን አላዪው» ይበሏት፤ እጅዎን ሞቅ አድርገው፣ እንደሚነኳት ነግረው፣ ሆዷ ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉ። ልታላላው እየሞከረች ሆዷ ጠንክሮ ከቀረ፣ በወገቧና በመደቡ መካከልም ጡጫ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ፣ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። «ወገቧን ያማታል» ከማለት ይልቅ ይህ ዝርዝር ሐኪምን ያነቃል።

ታማሚዎች መንገድ መሻገር ይፈራሉ፤ መሃል አስፋልት ላይ ጥሩምባ ሲነፋ እንደሚገተሩ ያውቁታልና። ይህን ያየ ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ይላል፣ ያየ ባለሙያ ደግሞ «ጭንቀት ነው» ብሎ ይሸኛል። ፍርሃቱ አለ፤ ግን የመጣው ከመገተሩ በኋላ ነው። የትኛው እንደቀደመ ቀን ጠቅሶ መናገር የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይረዋል።

የመጀመሪያው ዙር፦ በአንድ መርፌ የሚወሰደው ደም

ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈራል በቅደም ተከተል ይሂዱ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ አይነሡ፤ ደረጃ ዘለው ሲሄዱ ወጪው ወደ ኪስዎ ይመጣል። ታማሚዋ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ ትምጣ። መርፌው ራሱ ሊገትራት ስለሚችል በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ማስመርመር ይሻላል፦

- የጾም ስኳር፣ ከተቻለ የ3 ወር አማካይ የሚባለውን ኤችቢኤዋንሲ፣ እንዲሁም ሽንት ውስጥ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ)
- ሙሉ የደም ቆጠራ፣ በተለይ የቀይ ደም ሕዋስን ትልቀት የሚያሳየው ቁጥር (ኤምሲቪ)
- ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)
- ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሬያቲኒን
- ኤችአይቪና የጉበት ቢ ቫይረስ

ቲኤስኤች የመጀመሪያው ዙር ውስጥ የገባው በሁለት ምክንያት ነው። ታይሮይድ የስቲፍ ፐርሰን ጓደኛ ነው፤ ደግሞም የታይሮይድ ማነስ ራሱን ችሎ ጡንቻ ያደርቃል፣ ያሳምማል። ሰው ለወራት ብርቅ በሽታ ሲፈለግበት ቆይቶ የታይሮይድ ኪኒን ብቻ የሚያድነው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስኳር

ጾም ላይ 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ሽንትና ጥም በዝቶ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር አለ። ጥያቄው የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ስሕተት ይበዛል፤ ዕድሜዋ 40 የሆነ ሴት ስኳር ሲገኝባት ዓይነት 2 ተብሎ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ይታዘዝላታል። ቀጭን ከሆነች፣ ኪኒኑ በወራት ውስጥ መሥራት ካቆመ፣ ሽንት ውስጥ ኬቶን ከታየ፣ ወይም ለምጽና የታይሮይድ ሕመም ካለባት ስኳሩ የመከላከያ ስሕተት የሚያመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋት ኢንሱሊን ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ወገቧ እየደረቀ ከሆነ ጋድ ማስመርመር የግድ ነው።

የተከፈተ የኢንሱሊን ጠርሙስ 4 ሳምንት ያገለግላል፣ ከመጠን በላይ ካልሞቀ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ሙቀቱ ጠላት ነው፦ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጦ መካከሉን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ማርጠብ፣ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ማድረግ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መክደን። መንዝና ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው ጠላቱ። አንድ ሌሊት የበረደ ኢንሱሊን ከቀለጠ በኋላ ደህና ይመስላል፣ ግን አይሠራም፤ ይጣላል። ማታ ከመስኮት አርቆ፣ ከምድጃም አርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ደመናማው ኢንሱሊን በእጅ መሃል ቀስ ተብሎ ከተንከባለለ በኋላ ቅንጣት ከታየበት ወይም የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ከተለጠፈ አይወጋ።

የስቲፍ ፐርሰን ታማሚ ሲወጋ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ሳይነገራት ከተነካች ትገተራለች፤ መርፌውም ይታጠፋል። «አሁን ልወጋሽ ነው» ብሎ ሦስት መቁጠር ለውጥ ያመጣል። ሁለተኛ፣ የተገተረ ሆድ ላይ ቆዳውን ቆንጥጦ ማንሣት ስለሚቸግር መርፌው ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ኢንሱሊኑ ከታሰበው ፈጥኖ ይሠራና ስኳሩ ይወርዳል። ሆዱ ሲገተር በታፋ ውጫዊ ጎን ወይም በክንድ ጀርባ ስቡን ቆንጥጦ መውጋት ይሻላል።

የኤችቢኤዋንሲን ቁጥር ብቻውን አይመኑ። የቢ12 ደም ማነስ ካለ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙ ኢንሱሊን ሲጨምር ስኳሩ ሌሊት ይወድቃል። ሁለቱ ሕመሞች እዚህ ላይ ይጋጫሉ፤ ደም ማነስ ካለ በጣት የሚለካውን ይመኑ።

እንቅርት

የደጋው እንቅርት ብዙው የአዮዲን እጥረት ነው። ስለዚህ አንገቷ ያበጠ ታማሚ ሁሉ የመከላከያ ስሕተት አለባት ማለት አይደለም፤ አንገቷ ያላበጠም ነጻ ናት ማለት አይደለም። የሚወስነው ቲኤስኤች ነው። ከፍ ካለ ታይሮይዱ ሰንፏል፣ በጣም ዝቅ ካለ በዝቷል። የበዛ ታይሮይድ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ በትንሽ ነገር ያስደነግጣል፣ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መገተሩን ያባብሰዋል። መገተሩ ያለ ምክንያት ሲብስ ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት ዲያዜፓምን ከመጨመር በፊት ቲኤስኤችን መድገም የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ለሰነፈ ታይሮይድ የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን ነው። ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ በውሃ ተውጦ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠበቃል። ቡና መድኃኒቱ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ አቦሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቅረብ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን በ4 ሰዓት ይራቁት። ቲኤስኤች የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌቮታይሮክሲን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሰነፉበት ሰው የታይሮይድ መድኃኒት ብቻውን ቢጀምር በቀናት ውስጥ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ምልክቶቹ፦ የመዳፍ መስመርና ድድ መጥቆር፣ ሲቆሙ ጨለማ መምታት፣ ጨው መመኘት፣ ማስመለስ፣ ስኳር ሕመምተኛ ከሆነች ደግሞ የለመደችው የኢንሱሊን መጠን እየበዛባት ስኳሯ መውረድ። ሶዲየም ዝቅ፣ ፖታሲየም ከፍ ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ የእነዚህ ዕጢዎች ሆርሞን ኮርቲዞል ይለካ። ካነሰ ሃይድሮኮርቲዞን ይቀድማል፣ ታይሮይዱ ይከተላል። በእኛ አገር ቲቢም እነዚህን ዕጢዎች ስለሚያበላሽ የቲቢ ምርመራ አብሮ ይሠራ።

ቢ12፣ ለምጽ፣ ገብስ

ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ዓመቱን ሙሉ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ቢ12 ቢያንሰው ምክንያቱ ጾሙ ሊሆን ይችላል፤ ጨጓራው ቢ12 እንዲመጠጥ የሚረዳውን ንጥረ ነገር ማምረት ያቆመ ሰውም እንዲሁ ያንሰዋል። ኤምሲቪ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ምላስ ከለሰለሰና ከቀላ፣ እግር ከደነዘዘ ቢ12 ይለካ። መደንዘዝ ዋና ምልክት ነው፤ ስቲፍ ፐርሰን ራሱ አያደነዝዝም። የጨጓራው ከሆነ አነስተኛ መጠን ያለው ኪኒን ብዙ አይረዳም፤ 1000 ማይክሮግራም በመርፌ፣ መጀመሪያ ተደጋግሞ፣ ከዚያ በየ1 ወይም በየ3 ወሩ፣ ዕድሜ ልክ። ቢ12 ሳይለካ ፎሊክ አሲድ ብቻ መስጠት ደሙን ይሞላና ነርቩን መጉዳቱን ይቀጥላል፤ ይህ ስሕተት ተደጋግሞ ይታያል። ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ያሳንሳል።

ለምጽ መድኃኒት ባያስፈልገውም ይመዝገብ፤ ለሐኪሙ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር ያምታታዋል። ጥጥ አሹሎ ዓይን አስጨፍኖ ነጩን ሥፍራ መንካት ይበቃል፦ በለምጽ ስሜቱ ሙሉ ነው፣ ቀለሙም ወተት መሳይ ነው፤ በሥጋ ደዌ ቆዳው ደብዘዝ ብሎ ስሜት ያጣል። ስሜት ካጣ ጤና ጣቢያ፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ነው።

ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሴሊያክ የተባለ ሕመምም አልፎ አልፎ ይጓዛል። ሆድ የሚነፋት፣ የሚያስቀምጣት፣ ብረት ኪኒን የማያነሣት ከሆነ ይመርመር። በሶውንና ዳቦውን አቁማ ከሄደች ግን ምርመራው ውሸት ይናገራል፤ እየበላች ትመርመር። ከተገኘ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይስማማታል፤ ገብስ የተቀላቀለበት አይስማማትም።

ጋድና የጡንቻ ምርመራ

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ተይዞ ወደ ነርቭ ሐኪም ነው። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህች ታማሚ ግን ጉዞው ራሱ ፈተና ነው፤ ከፊት ወንበር፣ ወገቧ ላይ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ የጠዋቱ ዲያዜፓም ሳይዘለል።

ጋድ አንቲቦዲ ከተለመደው ስቲፍ ፐርሰን ታማሚ ከ60 እስከ 80 በመቶው ላይ ይገኛል። አለመገኘቱ ሕመሙን አያስቀርም። መገኘቱም ብቻውን አያረጋግጥም፤ ስኳር ብቻ ያለበት ሰውም ዝቅተኛ መጠን ይኖረዋል። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው፤ በስቲፍ ፐርሰን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። «ፖዘቲቭ» የሚል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ስለማይበቃ ቁጥሩን ከነመለኪያው ያስጽፉ። ደሙ የሚወሰደው ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው የአንቲቦዲ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ከብዙ ሰው ደም የተሰበሰበ ስለሆነ የሌላ ሰው አንቲቦዲ ይዞ ገብቶ ውጤቱን ያሳስታል።

የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራው ኢኤምጂ ይባላል። ተጋዳይ የሆኑ ሁለት ጡንቻዎች፣ ለምሳሌ የሆድና የወገብ፣ ባረፉበት ሰዓት አንድ ላይ ሲሠሩ ያሳያል። ዲያዜፓም በደንብ የያዘው ሰው ላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ የሚወስዱትን መጠንና የወሰዱበትን ሰዓት ለመርማሪው ይንገሩ። ለምርመራው ብሎ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን ክልክል ነው።

ሴቶች የጡት ምርመራ አብረው ይደረግላቸው። ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ ላይ መገተሩን የሚያስነሣው የተደበቀ ካንሰር ነው፤ በተለይ የጡት። እጅና አንገት አብሮ ሲገተር ጥርጣሬው ይጨምራል።

መድኃኒቶቹ ሲጋጩ

ዲያዜፓም ብዙ ጊዜ በማታ በ5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በዝግታ ይጨምራል። በቀን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም የሚወስዱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የሚደርሱ አሉ። ይህን መጠን ያየ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሱሰኛ መስሎት ይደነግጣል፤ ስለዚህ የሕመሙ ስም፣ መጠኑና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ከልዩ ማዘዣው ጋር ይያዝ። የ10 ቀን ኪኒን ሲቀር አዲስ ማዘዣ ይፈለግ። በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ መገተር፣ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ይመጣል። ሌላው ጡንቻ ማላያ ባክሎፌንም እንዲሁ ነው።

አረቄ ከዲያዜፓም ጋር ትንፋሽ ያቆማል። «ለብርዱ ትንሽ» የሚባለው መለኪያ ለዚህች ሴት የለም። ትራማዶልና ሌሎች ከባድ ማስታገሻዎችም ተመሳሳይ አደጋ አላቸው።

ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ለመከላከያው ስሕተት ይታዘዛል፤ ስኳሩን ግን ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ይሰቅለዋል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ። ስኳር ያለባት ከሆነ ኢንሱሊኑ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይስተካከል፤ ጠዋት ብቻ መለካትም አይበቃም። ከስቴሮይድ ወይም መከላከያን ከሚያዳክመው ሪቱክሲማብ በፊት የጉበት ቢ ቫይረስና ቲቢ ይመርመሩ፤ ተደብቀው የነበሩት ይነሣሉ።

ኢሚውኖግሎቡሊን በኪሎ 2 ግራም ነው፣ ከ2 እስከ 5 ቀን ተከፋፍሎ፤ 50 ኪሎ ለሆነች ሴት 100 ግራም ማለት ነው፤ ዋጋው ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቀመስም። የሚገኝ ከሆነ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያስነብቡ፦ ማልቶስ የሚባል ስኳር ያለበት ዓይነት አንዳንድ የጣት መለኪያዎችን ያሳስታል። ለምሳሌ እውነተኛው 90 ሆኖ መለኪያው 300 ሊል ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ሊሞት ይችላል። በነዚያ ቀናት ስኳሩ በላቦራቶሪ ይለካ።

ስትወድቅ ምን ይደረግ?

በስቲፍ ፐርሰን የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን አያድንም፤ እንደተገተረ ይወድቃል። ጭንቅላቷን ትመታለችና ድንጋይ ደረጃና ምድጃ ዙሪያ ብቻዋን አትተው። ወድቃ ከተገኘች አእምሮዋን ይዩ። በተስተካከለ ሁኔታ እያወራች ሕመሙን እያማረረች ከሆነ መገተር ነው። ላብ ካጠመቃት፣ ከተወላገደ አነጋገር ጋር ከተምታታባት ስኳር ወርዷል። ጭራሽ ራሷን ከሳተች፣ አረፋ ከደፈቀች የሚጥል በሽታ ወይም እጅግ የወረደ ስኳር ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ስለሚኖሩ ከሁሉ በፊት ስኳር ይለካል። መለኪያ ከሌለና ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ ወርዷል ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለች 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ በ15 ደቂቃ መድገም። መዋጥ ካልቻለች አፏ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎኗ አስተኝቶ መኪና መጥራት። መገተር ብቻ ከሆነ እጅ እግሯን ጎትቶ ለማቃናት መሞከር አጥንት ይሰብራል፣ መገተሩንም ያረዝማል። ሰው ይበተን፣ ድምፅ ይቀነስ፣ ጋቢ ይደረብላት፣ በዝግታ ያናግሯት። ደረቷ ተገትሮ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ሆስፒታል። የምታስመልስ፣ በጥልቀት የምትተነፍስ፣ አፏ የበሰበሰ ፍሬ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የስኳር ኬቶን ነውና ሌሊት ቢሆንም ይነሡ።

ጠበል፣ ጾም፣ ተኩስ

ጻድቃኔ ማርያም መሄድ የምትፈልግ ታማሚን መከልከል አያስፈልግም። ዲያዜፓሙም ኢንሱሊኑም በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጠበሉ ድንገት በቀዝቃዛው ከራስ ሲፈስ ግን ይገትራል። አጥማቂውን አስቀድሞ ነግሮ ከእግር ጀምሮ በቀስታ እንዲያፈስ፣ ግፊያ በሌለበት ሰዓት፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟት ትጠመቅ።

ጾም ላይ ኢንሱሊን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ስኳርን ይጥላል፤ ኢንሱሊኑን ጨርሶ መተው ደግሞ ኬቶን ያመጣል። ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ የመብያ ሰዓቱን ማስተካከል ይገባል። የለቅሶና የሠርግ ተኩስ፣ የቡሄ ጅራፍ፣ የጥምቀት እምቢልታ አስቀድመው የሚታወቁ ናቸውና ያን ቀን ቁጭ ብላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ብትጠብቅ መውደቅ ይቀራል።

በየዓመቱ የሚደገመው

ጓደኞቹ ዘግይተውም ስለሚመጡ ዛሬ ንጹሕ የተባለ ምርመራ ነገ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የጾም ስኳር፣ ቲኤስኤችና የደም ቆጠራ በዓመት አንዴ፣ ስኳር የተገኘባት ከሆነ ኤችቢኤዋንሲ በየ3 ወሩ፣ ዓይንና እግር በየዓመቱ። ውጤቶቹ ሁሉ አንድ ደብተር ላይ በቀን ይጻፉ፤ ላቦራቶሪ ሲቀየር መለኪያውም ስለሚለያይ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

ወንድምና እኅት «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። ስቲፍ ፐርሰን ራሱ በቤተሰብ ውስጥ የሚደገመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስኳርና ታይሮይድ ግን ከሌላው ሰው በላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ለእነሱ የሚመከረው ሽንት፣ ጥም ወይም ክብደት መቀነስ ሲታይ ስኳር፣ ድካም ወይም የአንገት እብጠት ሲታይ ቲኤስኤች ነው። ሁሉንም ሰብስቦ ጋድ ማስመርመር ውድ ነው፤ ጤነኛ እኅት ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ቢገኝ ወደፊት ስኳር ሊመጣ እንደሚችል ብቻ ይጠቁማል፣ ትገተራለች ማለት አይደለም፤ ለዚያ ቁጥር ተብሎ የሚሰጥ ዲያዜፓምም ሆነ ስቴሮይድ የለም።